በገንዘብ የተገኘ መኝታ እንግዳ መቀበል ይባላልን?



«የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ለሚል መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ወደ ባሕር ማዶ ሲሻገር የሚያስደንቀው አንድ ልማድ አለ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ከተሞች በአንዳንድ መኖሪያ ቤት መስኮት ላይ «ክፍል አለ» ወይም «ክፍል የለም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ያያል። ቤቱ ሆቴል አይደለም። ባልና ሚስት፣ አንዳንድ ጊዜም አንዲት ባልቴት የሚኖሩበት ተራ ቤት ነው። ትርፍ ክፍላቸውን አጽድተው ለመንገደኛ ያከራያሉ፤ ጧት ደግሞ በራሳቸው ማዕድ ቤት ያዘጋጁትን ቁርስ ያቀርባሉ። በቋንቋቸው «ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት» ይሉታል፤ አልጋና ቁርስ ማለት ነው።

ከእኛ ከወጣቶች መካከል ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ። «እኛ በነጻ የምናደርገውን እነርሱ ሸጡት፤ እንግዳን ተቀብሎ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ነገሩ በቅርብ ሲመረመር እንዲህ በቀላሉ የሚቆረጥ አይደለም።

አንድ ማክሰኞ ማታ በኤድንበርግ ከተማ እንዲህ ባለ ቤት አደርሁ። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። የዕለቱን ኪራይ ከተቀበሉኝ በኋላ ለቁርስ ምን እንደምወድ ጠየቁኝ። በማግሥቱ ረቡዕ ስለ ነበረ እያፈርሁ ጾም መሆኑን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማልቀምስ፣ ከዚያም በኋላ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እንደማልበላ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ቅቤስ ይፈቀድልሃልን?» አሉኝ። አይፈቀድም አልኋቸው። በነጋታው ስወጣ ቅቤ ያልነካው፣ የብርቱካን ማርማላታ የተቀባ ዳቦና ሁለት ፖም በወረቀት ጠቅልለው፣ «ሰዓትህ ሲደርስ ትበላዋለህ» ብለው ሰጡኝ።

እንግዲህ ይመዘን። የከፈልሁት ለአልጋና ለቁርስ ነው። ስለ ቅቤ ለተጠየቀችው ጥያቄ ግን ምንም አልከፈልሁም፤ ዋጋም አልተጻፈላትም። ከዚህ የምንረዳው በአንድ ተግባር ውስጥ ሁለት ነገሮች መኖራቸውን ነው። አንደኛው የሚሸጠው ነገር ሲሆን ሁለተኛው ነገሩ የሚሰጥበት ልብ ነው። ገንዘብ የመጀመሪያውን ይገዛል፤ ሁለተኛውን ሊገዛ አይችልም፤ ሆኖም ሁለተኛው እንዳይኖር አይከለክልም።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን ያስተምረናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው የወሰደው ወደ እንግዶች ማደሪያ ነበር። በማግሥቱ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ የሚጎድለውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ጌታችን ጠባቂው ገንዘብ ስለ ተቀበለ አልነቀፈውም። የሳምራዊው ምሕረት በዚያ ገንዘብና በዚያ ጠባቂ እጅ አልፎ ለቁስለኛው ደረሰ።

ታዲያ ነውሩ የት ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ነውሩ ዋጋ በመጠየቅ ሳይሆን ሰውን ከበር በመመለስ ላይ ነው። ለዚህ የአሜሪካ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። የዘር መድልዎ በጸናበት ዘመን ጥቁር መንገደኛ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ሳለ ከብዙ ሆቴሎች በር ይመለስ ነበር። ከዚህ የተነሣ በኒውዮርክ ሐርለም ይኖር የነበረ ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የፖስታ ሠራተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. ጥቁሮች ሳይዋረዱ የሚስተናገዱባቸውን ስፍራዎች የሚዘረዝር መምሪያ ማሳተም ጀመረ። በመምሪያው ውስጥ ከሆቴሎች ሌላ ክፍላቸውን ለመንገደኛ የሚያከራዩ ግለሰቦች ቤቶችም ይገኙ ነበር። እነዚያ ባለቤቶች ኪራይ ይቀበሉ ነበር። ነገር ግን ሌሊት በመንገድ ላይ ለቀረ ቤተሰብ ያ የኪራይ አልጋ ምሕረት አልነበረምን?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴሎች በዘር ምክንያት እንግዳ እንዳይመልሱ ከለከለ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትንና ከአምስት የማይበልጡ ክፍሎች የሚከራዩበትን ቤት ከዚህ ግዴታ ውጭ አደረገው። ሕጉ እስከ ሆቴሉ በር ድረስ ሄዶ በመኖሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ ማለት ነው። ሕግ በቆመበት ስፍራ የሚፈርደው የባለቤቱ ኅሊና ብቻ ነው።

«ገንዘብ የሌለውስ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። አልጋና ቁርስ ለከፋይ እንጂ ለድሀ አይደርስም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን እንድንጋብዝ አዝዞናል። ስለዚህ የሚከፈልበት መስተንግዶ በቅን ልብ ሲደረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙን አይፈጽምልንም።

እዚህ ላይ ራሴን መክሰስ አለብኝ። ከጉዞዬ በተመለስሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ ዝናባማ ምሽት አንድ የገጠር ሰው የታመመ ልጁን ታቅፎ በራችንን አንኳኳ። ለሕክምና እንደ መጣና የዘመዱ ቤት እንደ ጠፋበት ነገረኝ። «ወረድ ብለህ አልጋ ቤት አለ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ገንዘብ ይኑረው አይኑረው እንኳ አልጠየቅሁትም። «ሸጡት» ብዬ የሳቅሁባቸው ሴት ስለ ቅቤ ሲጠይቁ፣ «በነጻ እንቀበላለን» የምል እኔ ምንም አልጠየቅሁም።

በከተማ የማያውቁትን ሰው ማሳደር ያስፈራል፤ ፍርሃቱም ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሳምራዊውም ቁስለኛውን ወደ ገዛ ቤቱ አልወሰደውም። ወደ ማደሪያው አደረሰው፤ ከፈለለት፤ ተመልሶም ሊጠይቀው አሰበ። እኔም ጃንጥላ ይዤ እስከ አልጋ ቤቱ ብሸኘውና የአንድ ሌሊት ኪራይ ብከፍልለት ምን በጎደለብኝ!

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የአባቶቻችንን እንግዳ ተቀባይነት እያወራን በሌሎች አንመካ። ቤታችን ቢበቃ እናሳድር፤ ባይበቃ ወይም ብንፈራ የአልጋውን እንክፈል፤ ይህም ባይቻለን እስከ ደጁ እንሸኝ። በሩን ከመዝጋታችን በፊት ግን ቢያንስ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ።