ሐሰተኛውን ምልክት ስለ መለየት

ምእመናን ሆይ፤ ኦሪት በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ የሚይዘውን ነጋዴ ትነቅፋለች፤ ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው ይህንኑ ደጋግሞ ወቅሷል። በዘመናችንም የሌላውን ድርጅት ምልክት በልብስ ላይ አትሞ «እውነተኛ ነው» ብሎ መሸጥ ከዚሁ ኃጢአት የሚቆጠር ነው። ይህም ወጣቶቻችን በሚወድዱት በእግር ኳስ ማሊያ ንግድ በግልጽ ይታያል።

በገበያ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ዳስሶ፣ ስፌቱን ገልብጦ ይመለከታል። በኢንተርኔት የሚገዛ ግን የሚያየው ፎቶግራፉን ብቻ ነው፤ እርሱም ከእውነተኛው ማሊያ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሻጩ ይመርመር። የድረ ገጹ ስም ከታወቀው ድርጅት ስም በአንዲት ፊደል ቢለይ፣ አድራሻው ባይገለጽ፣ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ በማይቻልበት መንገድ ብቻ ላኩልኝ ቢል ከእርሱ መራቅ ይገባል።

ሁለተኛም ዋጋው ይመዘን። ያለፈው ዓመት ማሊያ በቅናሽ ቢሸጥ አያስደንቅም፤ ዛሬ የወጣው በሩብ ዋጋ ሲቀርብ ግን ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛም ታሪኩ ይመስክር። የእንግሊዙን የአርሴናልን ማሊያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2019 የሠራው ፑማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አዲዳስ ነው። እንግዲህ «የ2016 ማሊያ» ተብሎ የአዲዳስ ምልክት ያለበት ቢቀርብ፣ ሐሰቱን ራሱ ምልክቱ ይናገራል።

አራተኛም በውስጥ በኩል በተሰፋው ጽሑፍ ላይ ያለው የዕቃው መለያ ቁጥር ይታይ። ቁጥሩ በኢንተርኔት ሲፈለግ ሌላ ልብስ ካመጣ ነገሩ ተገለጠ። ነገር ግን አስመሳዮች እውነተኛውን ቁጥር ሊገለብጡ ስለሚችሉ፣ ቁጥሩ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ያለ ፍርድ መኰነንም አይገባም። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ተጫዋቾች የሚለብሱትንና ለደጋፊዎች የተዘጋጀውን ለይተው ይሸጣሉ። በአዲዳስ ሥራ የመጀመሪያው ዓርማ ብዙውን ጊዜ በሙቀት የተለጠፈ፣ የሁለተኛው የተሰፋ ነው። ሁለቱም እውነተኞች ናቸው።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በጠገራ ብር ሲገበያዩ 1780 የሚለውን ዓመት በማየት ብቻ አይረኩም ነበር፤ የንግሥቲቱን የዘውድ ዕንቍና የልብሷን ጌጥ ነጠብጣብ አጥርተው ይመለከቱ ነበር።

ይሁን እንጂ የሚበልጠው ፈተና ከግዢው በኋላ ይመጣል። ሳያውቅ የተታለለ ሰው ተበድሏል እንጂ አልበደለም፤ ገንዘቡን ሊያስመልስ፣ ሌሎችንም ሊያስጠነቅቅ ይገባዋል። ነገር ግን «ኪሳራዬን ልወጣ» ብሎ ያንኑ ማሊያ ለጎረቤቱ ልጅ እውነተኛ ነው ብሎ ቢሸጠው፣ ትናንት የተበደለው ዛሬ በዳይ ሆነ፤ ሐሰተኛውም ሚዛን ከሌባው እጅ ወደ እርሱ እጅ ተላለፈ። ርካሽነቱን ወድዶ፣ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ የሚገዛም የአስመሳዩን እጅ ያበረታል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ አቅማችሁ ካልፈቀደ ለልጃችሁ ምልክት የሌለው ንጹሕ ልብስ ግዙለት። ምልክት የሌለው ልብስ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያልሆኑትን ነኝ ማለት ነው። ልጁም ከልብሱ ይልቅ ይህን እውነት ለብሶ ያድጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።