ነጭ የሆነ ሁሉ ወተት ነውን?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጾም ማለት እስከ ታወቀ ሰዓት ድረስ ከመብልና ከመጠጥ መከልከል፣ ሰዓቱ ከደረሰም በኋላ ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤን፣ እንቁላልንና ከእነዚህ የሚገኘውን ሁሉ መተው ነው። ፍትሐ ነገሥት፣ ማለትም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው የሕግ መጽሐፍ፣ በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ ጊዜውንና የመብሉን ዓይነት ወስኖ ብቻ አያበቃም፤ የሥጋ ምኞት ደክሞ ሥጋ ለነባቢት ነፍስ፣ ይኸውም ለምታስበውና ለምትናገረው የሰው ነፍስ፣ እንዲታዘዝ ነው ብሎ ዓላማውንም ይናገራል። ሕጉና ዓላማው አብረው ሲሄዱ የሚያነጋግር ነገር የለም። ሕጉ ተጠብቆ ዓላማው ያመለጠ በሚመስልበት ቦታ ግን፣ ለምሳሌ ከአትክልት ዘይት በተሠራ «የጾም ክሬም» ፊት፣ ጾመኛው የተወው ወተትን ነው ወይስ የወተትን ስም የሚል ክርክር ይከፈታል።

ክርክሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማዕድ ነው። የአሜሪካ የምስጋና ቀን በኖቬምበር 4ኛው ሐሙስ ሲውል፣ ጾመ ነቢያት ወይም በተለምዶ አጠራሩ የገና ጾም ኅዳር 15፣ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 24 ቀን፣ ይገባል፤ በዓሉ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባሉት ቀናት መካከል ስለሚዘዋወር በብዙ ዓመታት ጾሙ ከገባ በኋላ ይደርሳል። የበዓሉ ምግብ፣ የዶሮ ዘመድ የሆነው ተርኪ ሥጋ ነውና አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ከጎኑ የሚቀርበው የክራንቤሪ ሰላጣ ነው። ክራንቤሪ በሰሜን አሜሪካ ረግረግ ውስጥ የሚበቅል፣ ቀይና ኮምጣጣ፣ ሆዱ አየር የያዘ በመሆኑ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ፍሬ ሲሆን፣ ለሰላጣ ሲፈለግ እሳት ሳይነካው ይከተፍና በስኳር ታሽቶ ጭማቂውን እስኪያወጣ ይቆያል፤ ከዚያም ፖምና ለውዝ ይጨመርበትና በመጨረሻ በተመታ ክሬም ይለወሳል። እንግዲህ ፍሬው፣ ስኳሩና ለውዙ ሁሉ የጾም ናቸው፤ ሳህኑን ከጾም ወደ ፍስክ የሚያሻግረው የመጨረሻው ጭልፋ ብቻ ነው። ክራንቤሪን ላላየ ሰው በአገር ቤት የሚቀርበው አጋም ነው፤ አጋም ሲቀጠፍ ከግንጣዩ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፣ ሆኖም ያ ነጭ ፈሳሽ ጾም ያስገድፋል ያለ መምህር የለም።

የነጭነት ነገር ከተነሣ ሱፍን ማለፍ አይቻልም። እዚህ ላይ ሱፍ የተባለው የአገር ቤቱ እሾሃማ ተክል ፍሬ እንጂ ብዙዎች «የፈረንጅ ሱፍ» የሚሉት አይደለም። ፍሬው ተለቅሞ ለስለስ ብሎ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ገለባው ይለያል፣ የላመው በውኃ ተበጥብጦ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ የሚወርደውም ፈሳሽ ለዓይን ከወተት የማይለይ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎበት፣ ጨው ገብቶበት እንጀራ ሲፈተፈትበት ሱፍ ፍትፍት ይባላል፣ የዐቢይ ጾምም ምግብ ነው። ይህ ከሆነ የጾም ክሬም ምን ጥፋት አለው? ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ከዕፅዋት የተገኙ ናቸው፣ ሁለቱም ምላስን ያለሰልሳሉ።

ልዩነቱ በስም አሰጣጡ ላይ ይታያል። ሱፍ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ማንም «የጾም ወተት» ብሎት አያውቅም፣ የሚበላውም ሰው ወተት እያሰበ አይበላውም። የጾም ክሬም፣ የጾም ማኪያቶና የጾም ኬክ ግን ከስማቸው ጀምሮ የተተወውን ነገር ያስታውሳሉ፤ ምግቡ የተሳካለት ከፍስኩ ያልተለየ ሲሆን ነው። ፍትሐ ነገሥት እንዲደክም የሚፈልገው ምኞት በዚህ መንገድ አይደክምም፣ በአምሳያ ይሸነገላል እንጂ። ሆኖም ይህን ፍርድ አጥብቆ መያዝ አደጋ አለው፤ በጥሩ ቅመም የተሠራ ሽሮም ምኞትን ይቀሰቅሳልና። ደግሞም ባዕድ አገር ያደገ ልጅ ጓደኞቹ የሚበሉትን በሚመስል ምግብ ተደግፎ ጾሙን ከፈጸመ፣ አምሳያው ለእርሱ ድጋፍ ሆነ እንጂ ማታለያ አልሆነም። ከሁሉም በላይ ክሬሙን የሚነቅፉትም የሚደግፉትም የሚዘነጉት ሰዓቱን ነው፦ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ረሃቡን ከፍሏል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርብለት የየትኛውም ዕፅ ዘይት ያንን አይሰርዝበትም።

ጥያቄው በግለሰቡ ልብ ውስጥ ብቻ ሲታይ እዚህ ይቆማል። ማዕዱን ከሌላ ሰው ጋር ለሚካፈል ግን ሌላ መልክ አለው፤ ይህንንም በወለጋዋ ከተማ በነቀምቴና በሰፈሮቿ፣ በጨለለቂም ጭምር፣ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ወጥ ቤቱ ያስረዳል። የኦርቶዶክስ ክርስትናን ተቀብለው በጥምቀት ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በገዙባት፣ መጽሐፍ ቅዱስን በ1899 እ.ኤ.አ. በኦሮምኛ ያሳተሙት ኦኔሲሞስ ነሲብም በ1904 እ.ኤ.አ. መጥተው ባስተማሩባት በዚህች ከተማ፣ የኦርቶዶክስ ጾመኛና የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የመካነ ኢየሱስ ምእመን በአንድ ቤት መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱም የሮሜን መልእክት 14ኛ ምዕራፍ ያነባሉ፤ በዚያም ጳውሎስ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስተምራል። ምዕራፉን ማንበብ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ቅቤ በነካው ማማሰያ ላይ ነው።

የወለጋ ማዕድ በዚህ ረገድ ሁለት ጠባይ አለው። ጩምቦ፣ ማለትም በቅቤና በእርጎ የሚርሰው ወፍራም የጤፍ ቂጣ፣ አይከፈልም፤ ቅቤው ውስጡ ገብቷልና ጾመኛ ካለ ጩምቦው ሌላ ቀን ይጠብቃል። አንጮቴ ግን ይከፈላል። ይህ ከመሬት ሥር የሚቆፈር፣ በመስቀል በዓል የሚናፈቅ ሥር ከነልጣጩ ተቀቅሎ ከተላጠና ከተቆረጠ በኋላ ቅቤው የሚደርስበት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ልክ እንደ ክራንቤሪው ሰላጣ፣ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የጋራ ነው። ባለሙያዋ ጾመኛ መኖሩን ካወቀች ቅቤው ከመንጠሩ በፊት ድርሻውን ታወጣለታለች፣ ቅቤ ባልነካው የጾም ሳህን ታደርገዋለች፣ የኑግ ዘይት ጠብ ታደርግበትና ትከድነዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ቅቤውን እሳት ላይ የምትጥደው።