ወለሉን ማን አነጠፈው?

ባለፈው ክረምት ዘመድ ጥየቃ ቦንጋ ነበርኩ። ቦንጋን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚደርሱባት፣ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ካደረጋቸው ከተሞች አንዷ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚውጣት የካፋ ከተማ ናት። ያረፍኩት በመምህርነት ተመድባ ሄዳ እዚያው ጎጆ በወጣችው በእህቴ ልጅ ቤት ነው። እሷም በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ከተባለ ወዲህ እንደ ጎረቤቶቿ ዶሮ ማርባት አምሯት ኖሮ፣ በደረስኩ ማግስት ሃያ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ይዛ ገባች። «ምን እናንጥፍላቸው?» ሲባል ከአዲስ አበባ ይዤ የሄድኩትን የጋዜጣ ክምር አቀበልኩ። የኔ አምድ ይኑርበት አይኑርበት አላጣራሁም።

በሦስተኛው ቀን አንዷ ጫጩት መቆም አቃታት። ሁለት እግሯ ግራና ቀኝ ተከፍቶ በደረቷ ተደፍታለች። ሌሎቹ እየረገጧት ያልፋሉ። የዘጠኝ ዓመቷ የቤቱ ልጅ እያለቀሰች መጣች።

«ተያት የኔ ልጅ» አልኳት። «ደካማ ሆና ተፈልፍላ ነው። ተፈጥሮዋ ነው።» ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ትንሽ ሌክቸር ቢጤም ጨመርኩላት። የቆየ አመል ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው አድማጭ ሳገኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ልጅቱ ግን አልሰማችኝም። እናቷን ነዝንዛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ የሰፈር ልጅ አስጠራች። ልጁ መጣና ጫጩቷን ከማንሳቱ በፊት የካርቶኑን ወለል በእጁ ዳበሰ።

«ይሄን ማን አነጠፈው?»

«እኔ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ጋዜጣ ያንሸራትታል እኮ! አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት እግሩ ገና አልጠናም። የሚቆነጥጠው ነገር ሲያጣ እግሩ ወደ ጎን ይከፈታል። ዝም ከተባለ እንደተከፈተ ይቀራል።»

የጫጩት እግር ችግር ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ነገረን። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ቢሆን የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ይጠረጥር ነበር። ጠና ያለች ዶሮ አንድ እግሯን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ብትወድቅ ደግሞ ማሬክ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱ መድኃኒት የለውም፣ መከላከያው ገና ሲፈለፈሉ መከተብ ነው። «ይቺ ግን» አለ፣ «በሽታ ያላት አትመስለኝም። መቆሚያ ነው ያጣችው።»

ጋዜጣው ተነሳ፣ ጆንያ ተነጠፈ። ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ቀጭን ጨርቅ ሁለቱን እግሮቿን በትክክለኛ አቋቋማቸው ልክ አራርቆ አሰረልን፤ እንዳይጠብቅባት በየቀኑ እየፈታን እንድናስር አዘዘ። ሌሎቹ እንዳይነክሷት ለብቻዋ አደረግናት። ውሃ በሃይላንድ ክዳን አጠጣናት። ሌሊት መብራት ሲጠፋ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን አጠገቧ አስቀመጥን። ለዚህ ሥራ ሌሊት የተነሳሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሰውዬው ሥራ ፈቷል እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። አገሩ ስንት ጉድ ይዞ፣ ነገ ለፋሲካ አሥራ ሁለት ብልት ለምትሆን ጫጩት እንቅልፍ ማጣት! ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፈላስፎችም ተጨንቀውበታል። ካንት ለእንስሳ መራራታችን በዋናነት የሚጠቅመው ለሰው ያለንን ርኅራኄ ስለሚያጸናልን ነው ባይ ነው። እንግሊዛዊው ቤንታም ግን እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ የእንስሳትን ጉዳይ ከማሰብ ችሎታቸው ይልቅ ከሥቃያቸው ጋር አያይዞታል። እኔ በዚህ ለቤንታም አደላለሁ። ነገ የምትታረድ መሆኗ ዛሬ እንድትሠቃይ ፈቃድ አይሰጠኝም። ነገ የማይሞት ማን አለና?

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ ክርክር አልነበረም። «ተፈጥሮዋ ነው» ያልኩት ቃል ነው። አንጣፊው እኔ፣ ፈራጁም እኔ!

ያን ሌሊት ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጬ አንድ ተማሪ ትዝ አለኝ። ከዚሁ ከካፋ ገጠር የመጣ ልጅ ነበር። አፉን የፈታው በካፊኖኖ፣ አማርኛን ጨምሮ የተማረ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ስጠይቀው ተነስቶ ይቆማል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ መልሱ አይወጣም። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ የሳቁትን ዝም አልኩ። አንድ ቀን እቢሮዬ መጥቶ በአማርኛ ስለ አንድ ልቦለድ ሲያጫውተኝ እኔ ያላየሁትን አይቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ገርሞኛል። ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበርና ጣልኩት። መምህራን ቡና ስንጠጣ ስሙ ሲነሳ «ልጁ መሠረት የለውም» ማለቴንም አልረሳም። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፣ ማለፍም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለዚያ ልጅ ጆንያ ማንጠፍ እችል ነበር። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ጥቂት ትዕግሥት፣ የሳቁትን አንድ ጊዜ መቆጣት። ይህን ያህል ነው የጎደለው።

«ደካማ ነው» የምንለውን ሁሉ እኛ አደከምነው ማለቴ አይደለም። ማሬክም አለ፤ ማንም ያላጠፋው፣ ማንም የማያድነው ድካም አለ። ያኔም ቢሆን ማሞቅና ማጠጣት አይቀርም። እኔ የምለው ፍርድ ከመስጠት በፊት ወለሉን መዳበስ ይቅደም ነው። ወለሉ የኛ ሆኖ ከተገኘ የምናደርገው እንክብካቤ ምጽዋት መሆኑ ይቀርና ዕዳ ይሆናል። በቸርነቱ የሚኩራራ ሰው ይኖራል፤ ዕዳውን በመክፈሉ የሚኩራራ ግን የለም።

ጫጩቷ በአምስተኛው ቀን ቆመች። ቀኝ እግሯ ትንሽ ወጣ እንዳለ ቀርቷል፤ ስትሮጥ ያስታውቃል። ልጅቱ ስሸኝ «ጋሼ፣ ጋዜጣውን ይዘኸው ሂድ» ብላ የተረፈውን ክምር አመጣችልኝ። ይዤው ተመለስኩ።

ተማሪው ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። እዚያው ቦንጋ ገበያ መሐል አልፎኝ ሄዶ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።