ሐሳብ ደርሶ እግር ሲቀር

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ካለው የኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ተነሥቶ የሱዋኪንን ደሴት ለማየት ለሚያስብ ሰው መንገዱ የታወቀ ነው፤ በገዳሪፍ፣ በከሰላና በሀያ አድርጎ ቀይ ባሕር ይደርሳል። የሚቸግረው ወረቀቱ ነው። ካምፑ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤርትራውያን የሚኖሩበት ነው። እዚያው ተወልዶ ልጅ ያሳደገ ስደተኛ እንኳ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከካምፑ ርቆ መሄድ አይፈቀድለትም።

ደሴቷ ግን ለዚህ አገር ሰው ባዕድ አይደለችም። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ነበሯት፤ የሐነፊና የሻፊዒ መስጊዶችም አሏት፤ ለዘመናትም ሐጃጆች ወደ ጂዳ የተሻገሩት በእሷ በኩል ነው። ፖርት ሱዳን በ1909 ሥራ ሲጀምር ነጋዴው ወደዚያ ሄደ። ኮራል በየጊዜው ካልተለሰነ ይፈርሳልና ቤቶቹም ፈራረሱ። ስለዚህ ጎብኚ ግድግዳዎቹን ባይደገፍ፣ ክምሩም ላይ ባይወጣ ለራሱም ለቅርሱም ይበጃል።

በ1814 በሱዋኪን ያለፈው ስዊዘርላንዳዊ ተጓዥ ቡርክሃርት፣ ከምዕራብ የሚመጡት የተክሩር ሐጃጆች በየመንገዱ እየሠሩ ስንቃቸውን እንደሚያገኙ ጽፏል። መተማ ቀርተው መንደር የመሠረቱም ነበሩ። ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ በዚሁ አቅጣጫ የወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ከ300 በላይ መነኮሳት አብረው ተነሥተው በመንገድ ላይ እንደተጠቁና የተረፉት ጥቂቶች ብቻ እንደሆኑ ይተርካል።

ታዲያ ያልደረሰ ሰው ምኑ ይቆጠርለታል?

የእስልምና ሊቃውንት ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ለቻለ ሰው ነው ይላሉ፤ የመንገዱን ሰላም መሆንም ከመቻል ይቆጥሩታል። ስለዚህ የተከለከለው ሰው አይጠየቅም፤ ኒያው (ሐሳቡ) ከአላህ ዘንድ ይታወቅለታል። ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። ነገር ግን መጽናኛው የተከለከለው ሰው ነው እንጂ የከልካዩ አይደለም። «ልቡ ከደረሰ ምን ጎደለው» ብሎ ፈቃድ የሚነፍግ ባለሥልጣን፣ የሌላውን ትዕግሥት ለራሱ ምክንያት ያደርጋል።

ኒያ ቢቆጠርም መንገዱ እንዲከፈት መጠየቅ እንደማይቀር የሁደይቢያ ታሪክ ትልቅ ማስረጃ ነው። በ628 ነቢዩ ሙሐመድና ባልደረቦቻቸው ለዑምራ ወጥተው መካ ደጃፍ፣ ሁደይቢያ ላይ፣ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ መሥዋዕታቸውን እዚያው አረዱ፤ ፀጉራቸውንም ተላጩ። ኒያቸው ጎደለ ያለ የለም። እነሱ ግን በዚያ ብቻ ረክተው አልቀሩም፤ በሚቀጥለው ዓመት መካ እንዲገቡ የሚፈቅድ ስምምነት ተፈራርመው ተመለሱ፤ በ629ም ገቡ።