ከምሳሌው በፊት ወፉ

በየካቲትና በመጋቢት፣ የአልፕስ ተራሮች ገና በበረዶ እንደተሸፈኑ፣ ከገደል ትይዩ ባለ ዳገት ላይ ቴሌስኮፕ ተክለው አንዲት የዐለት ስንጥቅ ለሰዓታት የሚመለከቱ ሰዎች አሉ። የሚጠብቁት ጢማሙን ጥንብ አንሳ ነው፦ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 2.8 ሜትር የሚደርስ፣ ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም የተንጠለጠለበት፣ ምግቡ በአብዛኛው አጥንት የሆነ ወፍ። እኛም አገር አለ፤ በስሜንና በባሌ፣ በደብረ ሊባኖስ ገደልም ላይ ሲያንዣብብ ይታያል። ሰዎቹ በዚያ ብርድ ተቀምጠው ሥጋም ገንዘብም አያገኙበትም። ብዙ ጊዜ የሚያዩት ወንዱና ሴቷ እንቁላሉን በየተራ ሲታቀፉ ብቻ ነው። ሥራ ፈትነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሃይማኖት ላለው ሰው ግን ጥያቄው በዚህ አያልቅም። ፍጥረት የተሰጠን ልንማርበት ከሆነ፣ አንዳች ትምህርት ሳያወጡ ዝም ብሎ ማየት ምን ዋጋ አለው? እኔ ዋጋ አለው ባይ ነኝ፤ ያውም ከትምህርቱ የሚቀድም ዋጋ። ትምህርቱን አስቀድሞ ይዞ ወደ ተራራ የወጣ ዓይን በፍጥረት ላይ በሐሰት ሊመሰክር ይችላል፤ ሐሰተኛ ምስክርነት ደግሞ በሰው ላይ ብቻ የሚፈጸም ኃጢአት አይመስለኝም።

በእኛ ዘንድ የቆየው አስተያየት ሌላ ነው። ፊሳልጎስ ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሰ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። መጽሐፉ እንስሳትንና አእዋፍን በየስማቸው እየጠራ ጠባያቸውን ይናገራል፤ ጠባዩንም ወደ ክርስቶስ፣ ወደ ዲያብሎስ ወይም ወደ ምእመን ይተረጉመዋል። ንስር ሲያረጅ ወደ ፀሐይ ወጥቶ ክንፉን ያቃጥላል፣ በምንጭ ውኃ ተነክሮም ይታደሳል። ፔሊካን የገደለቻቸውን ጫጩቶች በሦስተኛው ቀን ጎኗን ወግታ በደሟ ታስነሣለች። እንዲህ ያለው ትርጓሜ ስንት ስብከት እንዳሳመረ፣ ስንቱን ልብ እንዳቀና መካድ አይቻልም። ፔሊካን ግን እንዲህ አታደርግም፤ ንስርም አያደርግም። ይህን ማለት መጽሐፉን መናቅ አይደለም። ጸሐፊው የአራዊትን ሳይንስ ልጻፍ ብሎ አልተነሣም፤ ወፏ ለእርሱ ፊደል ነበረች። ፊደል የሚያነብ ሰው ደግሞ ዓይኑ ቀለሙ ላይ አያርፍም፣ አልፎ ወደ ቃሉ ይሄዳል። ወፏ ፊደል ከሆነች በኋላ ማንም ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ልያት አይልም፤ ምን እንደምትል አስቀድሞ ታውቋልና።

ልማዱ በመጽሐፍ ገጽ ላይ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም ሊባል ይችላል። ወደ ተራራ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ግን የጢማሙ ጥንብ አንሳ ታሪክ ያሳያል። የአልፕስ ገበሬዎች ወፉን ለዘመናት የግልገል ነጣቂ፣ ከዚያም አልፎ የሕፃናት ሌባ አድርገው ያምኑ ነበር። ለዚህ እምነት ተጠያቂው ፊሳልጎስ ነው አልልም፤ እረኛው መጽሐፍ አላነበበም፣ የበጎቹ ነገር ግን ያስጨንቀው ነበር። አስተያየቱ ግን ያው ነው፦ ከማየት በፊት ማወቅ። መልኩም ለክሱ ተመቸ። ዓይኑ በቀይ ቀለበት የተከበበ ነው፤ ደረቱ የዛገ ብረት ይመስላል፤ የደም ቀለም ነው ያለ ሰው ማስረጃ ያገኘ መስሎት ነበር። እውነቱ ወፉ ብረት ባለበት ጭቃ እየታጠበ ነጭ ላባውን በገዛ ፈቃዱ የሚያቀልም መሆኑ ነው፤ ይህን የሚያደርግበትን ምክንያት ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ክብደቱ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ነው፤ እግሩም ነጥቆ ለመብረር የንስርን ያህል አቅም የለውም። ሌሎች በልተው የተዉትን አጥንት ያነሣል፣ የማይዋጥለትን ከከፍታ ወደ ዐለት እየለቀቀ ይሰብራል፣ ስብርባሪውን የጨጓራው ኃይለኛ አሲድ ያሟሟዋል። ይህ ሁሉ በገደሉ ግርጌ ለተቀመጠ ሰው በዓይን የሚታይ ነገር ነበር። ሆኖም ለገዳዩ ሽልማት ተከፈለ፣ ለወፉም መርዝ ተዘጋጀ። በ1913 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አኦስታ ሸለቆ በጥይት የወደቀው የአልፕስ የመጨረሻው እንደነበር ይነገራል። የሟቹን ንጽሕና ያወጣው ዘግይቶ የመጣ ትዕግሥተኛ እይታ ነው።

ያ እይታ በብርዱ ወራት መገባደጃ ምን ያገኛል? ወፏ እንቁላሏን የምትጥለው በብርዱ ወራት መካከል፣ ሌላው ፍጥረት ነፍሱን ለማቆየት በሚታገልበት ጊዜ ነው። እንቁላሉ ከ7 ሳምንት በላይ ይታቀፋል። ጫጩቱ የሚፈለፈለው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው፤ በረሃብና በበረዶ ናዳ ያለቁት የተራራ ፍየሎች በድን ከነጩ ሽፋን ሥር ብቅ ብቅ በሚልበት ሰሞን። የፍየሎቹ ክፉ ወቅት ለጫጩቱ የጥጋብ ወቅት ነው። ከዚህ ምን ዓይነት ስብከት ይወጣል? የእግዚአብሔር ቸርነት ነው ያለ ፍየሎቹን መርሳት አለበት፤ የተፈጥሮ ጭካኔ ነው ያለም ጫጩቱን። እዚህ ላይ ወደ መጽሐፈ ኢዮብ መሄድ ይገባል። ምዕራፍ 39 የሚጀምረው በዐለት ላይ ስለሚኖሩ የሜዳ ፍየሎች አወላለድ በሚጠይቅ ጥያቄ ነው፤ የሚያልቀው በገደል ጎጆዋን በምትሠራው፣ ጫጩቶቿ ደም በሚጠጡት፣ ሬሳ ባለበት በምትገኘው ወፍ ነው። ፍየልና ጥንብ የሚበላ ወፍ በአንድ ተራራ፣ በአንድ ንግግር። ልጆቹን ያጣው፣ ገላው የቆሰለው ኢዮብ ለምን ብሎ ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ አብዛኞቹ ለሰው የማይጠቅሙ አራዊት ሰልፍ ነው፤ ከአንዳቸውም ሥር «ስለዚህ አንተም እንዲህ ሁን» የሚል ምክር አልተጻፈም። መጽሐፈ ምሳሌ ታካቹን ወደ ገብረ ጉንዳን ይልከዋል፤ መጽሐፈ ኢዮብ ግን ተመልከት ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም በአንድ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ሳሉ እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ስንደጋግም ኖረናል።

ጌታ ራሱ በተራራው ስብከት የሰማይን ወፎች ተመልከቱ ብሎ ትምህርት አላወጣምን የሚል ይኖራል። አውጥቷል። ግን ትእዛዙ የሚጀምረው በመመልከት ነው፤ ትምህርቱም ወፎቹ በእርግጥ በሚያደርጉት ነገር ላይ ቆሟል፤ አይዘሩም፣ አያጭዱም፣ ይበላሉ። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ድንቢጥ መሬት እንደምትወድቅ አልሸሸገም። የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሰው ያለ ትርጉም ማየት አይችልም፣ «ወፉ በራሱ» የሚባለውም ያው ትርጉም ነው፣ ሳይንቲስቱም ከፊሳልጎስ የሚለየው ምሳሌው በመቀየሩ ብቻ ነው የሚለው። ግማሹ እውነት ነው። ልዩነቱ ግን ትርጉም በመኖርና ባለመኖሩ ላይ አይደለም፤ ወፉ ትርጉሙን ሊያፈርስ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ነው። ደረቱ የቀላው በደም ነው ያለ ሰው ወፉ ጭቃ ውስጥ ሲታጠብ ካየ ሐሳቡን መለወጥ ይገደዳል። የፔሊካኗን ደም የሚሰብክ ግን አንዲትም ፔሊካን ልታርመው አትችልም። ሊታረም የማይፈቅድ እይታ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። ፈላስፋዋ አይሪስ መርዶክ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በቂም የተብሰለሰለ ሰው በመስኮት አሻግሮ አየር ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ጭልፊት ሲያይ እንዴት ለአፍታ ራሱን እንደሚረሳ ጽፋለች። ልክ ናት። ሆኖም ጭልፊቷን የቂም መድኃኒት አድርጎ የሚፈልጋት ሰው ዞሮ ዞሮ ወደ ራሱ መመለሱ አይቀርም፤ መድኃኒትነቷ የሚሠራው ሳይፈለግ ሲመጣ ነው።

የቅንጦት ነገር ነው የሚለውን ክስ በአጭሩ ልለፈው፤ መነጽሩ ውድ ቢሆንም ገደሉን ከማንም በላይ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እዚያው የሚውለው እረኛ ነው። የሚያሳስበኝ የተመልካቾቹ የራሳቸው ስስት ነው። ስንት ዓይነት ወፍ አየሁ ብሎ ዝርዝር የሚያሳድድ፣ ፎቶ ለማንሣት ወደ ጎጆው ተጠግቶ ወላጆቹን የሚያስበረግግ ሰውም ወፉን አላየም፤ ቁጥሩን ነው ያየው። ቢሆንም ቆጠራ ሁሉ ስስት አይደለም። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በኦስትሪያ ራውሪስ ሸለቆ ተጀምሮ፣ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ወደ አልፕስ ሲመለሱ እያንዳንዱ ከሩቅ እንዲለይ ጥቂት ላባዎቹ በኬሚካል እንዲነጡ ይደረግ ነበር። የትኛው ወፍ የት እንደደረሰ የታወቀው ተራ ሰዎች የትኛው ላባ ነጭ እንደሆነ ተመልክተው ያዩትን ብቻ በመጻፋቸው ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ኦት ሳቯ በዱር የተወለደ ጫጩት ተገኘ፤ ዛሬ በአልፕስ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ። በሐሰት ምስክርነት የጠፋው ወፍ በእውነተኛ ምስክርነት ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ይህ አነጋገር ራሱ ወደ ምሳሌ ማዘንበል ቢጀምርም።

ማዘንበሉ ደግሞ አደገኛ ነው፤ አዲስ ተረት እየተወለደ ነውና። ትናንት ሌባ የነበረው ወፍ ዛሬ ተራራውን የሚያጸዳ የዋህ፣ ማንንም የማይገድል መነኩሴ ተደርጎ ይነገርለታል። በየካቲት መጨረሻ ቴሌስኮፑን ጎጆው ላይ የተከለ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። ወፏ ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለቱም ከተፈለፈሉ ታላቁ ጫጩት ታናሹን ይገድለዋል፤ ወላጆቹም ጣልቃ አይገቡም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ድርጊቱን የሰየሙት በቃየን ስም ነው። ለአልፕስ ጫጩቶችን ያፈሩት የእርባታ ጣቢያዎች ታናሹን ጫጩት ቀድመው እያነሡ አሳድገዋል፤ ወደ ተራራው ከተመለሱት መካከል በታላቃቸው ሊገደሉ የነበሩ ይገኙባቸዋል። ይህን አይቶ እምነቱ የሚናወጥ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የኢዮብ መጽሐፍም ጥያቄውን አልፈታለትም፣ ደሙን ሳይሸፍን አሳየው እንጂ። ወፉን በፖስተር ላይ የቅድስና ምልክት አድርጎ ሊሥለው የሚፈልግም ካለ፣ ከሥሩ የታናሹን ጫጩት ነገር ጨምሮ ይጻፍ።