የገዛ ሥራን ስለ መፈተን

ሰው በሌላው ሥራ ላይ ያለውን ጉድለት ለማየት ዐይኑ ፈጣን ነው፤ በገዛ ሥራው ላይ ያለውን ለማየት ግን ይፈዝዛል። አባቶቻችን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ይህንኑ ተመልክተው ነው። ይህ ጠባይ ከጥንት የነበረ ስለ ሆነ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፥ በዘመናችን ይህን ጠባይ የሚታገል አንድ ሙሉ ትምህርት በዩኒቨርስቲ መሰጠቱ ነው። ትምህርቱም የሶፍትዌር ፍተሻና የጥራት ማረጋገጥ ይባላል። በአገራችንም የሶፍትዌር ምሕንድስና የሚያጠኑ ተማሪዎች ይማሩታል። ስለዚህ ትምህርት ጥቂት ልጽፍ የተነሣሁት፥ ኮምፒዩተር ለሚያጠኑት ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም ወጣት የሚሆን አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ በውስጡ ስለሚገኝ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሰው ለገዛ ሥራው እውነተኛ ዳኛ ሊሆን ይችላልን? ከቻለስ በምን መንገድ?

ሶፍትዌር ማለት ለኮምፒዩተር በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተር ታማኝ፥ ነገር ግን የማያስተውል አሽከር ይመስላል፤ የታዘዘውን እንደ ታዘዘ ይፈጽማል እንጂ ጌታው ምን ለማለት እንደ ፈለገ አያውቅለትም። ስለዚህ ትእዛዙን የጻፈው ሰው ያልታሰበውን ነገር፥ ኮምፒዩተሩ አስቦ አያሟላለትም። ፍተሻ ማለትም ይህ ትእዛዝ በልዩ ልዩ ሁኔታ ሲፈጸም ምን እንደሚያስከትል፥ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት መመርመር ነው።

በ1979 (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግሌንፎርድ ማየርስ የተባለ ጸሐፊ ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ለአንባቢው አቅርቧል። አንድ ፕሮግራም ሦስት ቁጥሮች ይቀበላል፤ ቁጥሮቹም የአንድ ሦስት ማዕዘን ጎኖች ርዝመት ናቸው። ፕሮግራሙ ሦስቱም ጎኖች እኩል እንደ ሆኑ፥ ወይም ሁለቱ ብቻ እኩል እንደ ሆኑ፥ ወይም ሦስቱም የተለያዩ እንደ ሆኑ ይናገራል። ይህን ፕሮግራም ለመፈተን ምን ምን ቁጥሮች ትሰጡታላችሁ?

እስቲ ንባባችሁን ጥቂት አቁማችሁ አስቡ። ብዙው ሰው መጀመሪያ 3፥ 4ና 5ን ይሰጣል፤ ከዚያም 5፥ 5ና 5ን፤ ከዚያም 5፥ 5ና 8ን። ፕሮግራሙ በትክክል ሲመልስለት ደስ ብሎት ከወንበሩ ይነሣል። ነገር ግን 1፥ 2ና 3ን ቢሰጡትስ? ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ተደምረው ከሦስተኛው ጋር እኩል ስለሚሆኑ፥ ከነዚህ ርዝመቶች ሦስት ማዕዘን አይሠራም። 0 ቢሰጡትስ? ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ቢሰጡትስ? ሁለት ቁጥር ብቻ ሰጥተው ቢተዉትስ? በቁጥር ፈንታ ፊደል ቢጽፉበትስ? 5፥ 5ና 8 ሲባል በትክክል የመለሰው፥ ቅደም ተከተሉ ተለውጦ 8፥ 5ና 5 ሲባል ቢሳሳትስ?

የሁለቱን ልዩነት ተመልከቱ። የፊተኛው ሰው የፈተነው ፕሮግራሙ ሲሠራ ለማየት ፈልጎ ነው፤ የኋለኛው ግን የሚሰናከልበትን ቦታ ፈልጎ ነው። የማየርስ ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ ፈታኝ ሥራውን የሚጀምረው ስሕተት አለ ብሎ፥ ያንንም ስሕተት አገኛለሁ ብሎ መሆን አለበት። ሰው የሚያገኘው የፈለገውን ነውና፥ ምስጋና የፈለገ ምስጋና ያገኛል፤ ጉድለት የፈለገ ጉድለት ያገኛል። ደግሞም ይኸው ጸሐፊ፥ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ራሱ ብቻ መርምሮ እንዳይጨርስ መክሯል። ሲጽፍ ያልታየው ነገር ሲፈትንም አይታየውምና።

ይህ ትምህርት ለተማሪ የሚከብደው በሒሳቡ ብቻ አይደለም። ተማሪ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒቨርስቲ እስኪገባ ድረስ ተፈታኝ ሆኖ ይኖራል። የተፈታኝም ልማድ የሚያውቀውን ማሳየትና የማያውቀውን መሸፈን ነው። ብዙ ዘመን የልጆችን ወረቀት ያረመ መምህር ይህን ደኅና አድርጎ ያውቃል፤ መልሱ የጠፋበት ልጅ «ሀ» ይሁን «ለ» እንዳይለይ አድርጎ ይጽፍና መምህሩ ወደ ትክክለኛው እንዲያነብለት ተስፋ ያደርጋል። እንዲህ ሆኖ ያደገውን ተማሪ፥ አሁን «ጉድለትህን ራስህ ፈልገህ አውጣ፤ ባወጣኸው መጠን ትመሰገናለህ» ይሉታል። ይህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልማድን በአንድ መንፈቅ መገልበጥ ነው። ብዙዎች ትምህርቱን አልፈው ልማዱን ሳይገለብጡ የሚወጡት ስለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዚህ ትምህርት «ሽፋን» የሚባል መለኪያ አለ፤ ይኸውም ከፕሮግራሙ መስመሮች መካከል በፍተሻው ጊዜ ኮምፒዩተሩ የደረሰባቸው ከመቶ ስንቱ እንደ ሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ያልተነካ መስመር እንዳይቀር ስለሚረዳ መለኪያው መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ መስመሮቹን ሁሉ የሚያሠራ፥ ውጤታቸው ትክክል መሆኑን ግን ከቶ የማይጠይቅ ፍተሻ ሊጽፍ ይችላል። ኮምፒዩተሩም 100 ከመቶ ብሎ ይመዘግብለታል። ይህ ተማሪ በየወንበሩ መካከል ተዘዋውሮ የአንዱን ልጅ ደብተር እንኳ ሳያነብ ከክፍል የሚወጣ መምህር ይመስላል። ሁሉን ጎብኝቷል፤ ምንም ግን አላየም። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ሰውየው ግን ዋሽቷል። በእውነተኛ ቁጥር መዋሸት ደግሞ ከተራ ውሸት የከፋ ነው፤ ሰሚው የሚጠራጠርበትን ነገር ያሳጣዋልና።

«ይህ የትምህርት ቤት ነገር ነው፤ ማንን ይጎዳል?» የሚል ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። ቴራክ 25 የሚባል ካንሰርን በጨረር የሚያክም መሣሪያ ነበር። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ቢያንስ ስድስት ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር በዚህ መሣሪያ ወረደባቸው፤ ከነርሱም ቢያንስ ሦስቱ በዚሁ ጠንቅ ሞቱ። በቀድሞዎቹ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ አደጋን የሚከለክል ከሶፍትዌሩ የተለየ መቆለፊያ ነበረ። በአዲሱ ላይ ግን መቆለፊያው ተነሥቶ ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ተተወ። የሶፍትዌሩም ከፊል ከቀድሞዎቹ የተወሰደ ነበር። በቀድሞው መሣሪያ ውስጥ ስሕተቱ ማንንም ሳይጎዳ የኖረው፥ መቆለፊያው ይከላከልለት ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ለብዙ ጊዜ የሠራ ነገር የተፈተነ ነገር መሰላቸው።

ሕመምተኞቹ ተቃጠልን ሲሉ፥ የሠሪው ኩባንያ የመጀመሪያ መልስ መሣሪያው እንዲህ ያለ ነገር ሊያደርግ አይችልም የሚል ነበር። በ1986 ግን በቴክሳስ ታይለር በምትባል ከተማ በሚገኝ የሕክምና ቤት ሁለት ሰዎች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ተጎዱ። የሕክምና ቤቱ የፊዚክስ ባለሙያና መሣሪያውን የምታሠራው ሴት ይህን መልስ ተቀብለው ዝም አላሉም። መሣሪያው ፊት ተቀምጠው፥ ያን ቀን የተደረገውን ሁሉ ደጋግመው ሠሩት፤ በመጨረሻም ምሥጢሩን አገኙ። ሠራተኛዋ ሥራውን በጣም ስለ ለመደች እጅዋ ፈጣን ነበር፤ የሕክምናውን ዓይነት በስሕተት ጽፋ በስምንት ሰኮንድ ውስጥ ስታርመው፥ ጽሑፉ ታርሞ ይታያል፥ መሣሪያው ግን እርማቱን በሙሉ አይከተልም ነበር። ቀስ ብሎ የጻፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢፈትነው ይህን ስሕተት አያገኘውም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰዎች እናያለን። አንደኛው «ሊሆን አይችልም» ይላል፤ ሁለተኛው «እስቲ ደግመን እንየው» ይላል። ሁለቱ የሚለያዩት በዕውቀት ብዛት አይደለም። መሣሪያውን የሠሩት ከሠራተኛዋ ይልቅ ያውቁት ነበር። የተለያዩት፥ አንዱ የሥራውን ክብር ሲጠብቅ ሌላው የሕመምተኛውን ሥቃይ በማሰቡ ነው። ሥራን መጠራጠር ሰውን መውደድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በኛ ኅብረተሰብ ዘንድ ደግሞ አንድ መሰናክል አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በማዕድ ዙሪያና በለቅሶ ቤት መልካም ነገር ነው፤ ሰውን ከስስትና ከድፍረት ይጠብቀዋል። ሥራ በሚመረመርበት ቦታ ግን ጉዳቱ ትልቅ ነው። ተማሪዎች በቡድን ፕሮግራም ሲጽፉ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ ጉድለቱን እንዲነግረው ይታዘዛል። አንባቢው ጉድለቱን አይቶ «ባልንጀራዬ ይቀየመኛል» ብሎ «ጥሩ ነው» ይለዋል። ይህ ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን በማያውቀው በሦስተኛ ሰው ኪስ ቸር መሆን ነው። ጉድለቱን የሚከፍለው ሁለቱም አይደሉም፤ ፕሮግራሙን ነገ የሚጠቀምበት ገበሬ ወይም ነጋዴ ወይም ሕመምተኛ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ጉድለት ባገኘ ቁጥር ባልንጀራውን ለማሳፈር የሚቸኩል አለ፤ እርሱም ሥራውን አላወቀም። መልካም ፈታኝ «ይህ መስመር 0 ሲሰጠው ይቆማል» ይላል እንጂ «አንተ ቸልተኛ ነህ» አይልም። የሚፈተነው ሥራው ነው፤ ሰውየው አይደለም።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ባሪ ቦም የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ምሕንድስና ሊቅ ሁለት ጥያቄዎች እንዳይምታቱ አስተምሯል። አንደኛው፥ ሥራው እንደ ታዘዘው ሆኖ ተሠርቷልን የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የታዘዘው ነገር ራሱ ለሰዎቹ የሚገባ ነበርን የሚል ነው። የፊተኛውን ብቻ ጠይቆ የሚያርፍ ሰው ምን እንደሚደርስበት አገራችን በኀዘን አይታዋለች። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ አንድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302ኛ በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደ በረረ፥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

በነዚህ አውሮፕላኖች ላይ ኤምካስ የሚባል፥ አፍንጫቸው ከመጠን በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ወደ ታች የሚደፋ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበረ። አውሮፕላኑ ይህን ቀናነት የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ ሥርዓቱ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ የተሳሳተ ልኬት ሲሰጥ ሥርዓቱ አምኖት አፍንጫውን ደጋግሞ ደፋ። አብራሪዎቹም በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ነገሩን ለይተው ያርሙታል ተብሎ አስቀድሞ ታስቦ ነበር። ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን አልጣሰም፤ የታዘዘውን አደረገ። «እንደ ታዘዘው ተሠርቷልን?» ለሚለው መልሱ አዎን ነበር፤ «የታዘዘው የሚገባ ነበርን?» ለሚለው ግን መልሱ ከ346 ሰዎች ሞት በኋላ ተገኘ። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰው ላይ መፍረድ አደገኛ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

አሁን አንድ ብልህ ወጣት «ሁሉን ከተጠራጠርን መቼ ሠርተን እንጨርሳለን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1969፥ ፍተሻ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ ስሕተት አለመኖሩን ሊያሳይ አይችልም ብሎ ነበር። ይህም በሒሳብ ይታያል። እያንዳንዳቸው በ32 ቢት የሚጻፉ ሁለት ቁጥሮችን ብቻ የሚደምር ፕሮግራም እንውሰድ። ሊሰጡት የሚችሉት ጥንዶች ከ18 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ይበልጣሉ። በየሰኮንዱ አንድ ቢሊዮን ጥንድ ቢፈተን እንኳ ከ580 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ማንም ፈታኝ ሥራውን ጨርሶ አያውቅም፤ መርጦ ይፈትናል፥ ጊዜው ሲደርስም ያቆማል።

ታዲያ ከመጨረስ የተከለከለ ሰው በምን ይታመናል? ያልፈተነውን በመናገሩ ይታመናል። «ይህን ይህን መርምሬ ደኅና ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያንን ያንን ግን አልመረመርሁም» ብሎ የጻፈ ፈታኝ፥ «ሁሉም ደኅና ነው» ካለው ይልቅ ለሰው ይጠቅማል። የፊተኛው ለተከታዩ የት እንደሚጠነቀቅ ያሳየዋል፤ የኋለኛው ግን በጨለማ ውስጥ «ብርሃን ነው» ብሎ ይሰደዋል። በመጀመሪያ ላይ ለጠየቅነውም ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። ሰው ብቻውን ለገዛ ሥራው ፍጹም ዳኛ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ጉድለቱን ወድዶ ከፈለገ፥ ሥራውን ለሌላ ዐይን ካቀረበ፥ ያልደረሰበትንም ሳያፍር ከተናገረ፥ እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ወጣቶች ሆይ፥ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ታውቃላችሁ። ሁላችሁም ፕሮግራም አትጽፉ ይሆናል። ነገር ግን አንዳችሁ ድልድይ ትለካላችሁ፥ አንዳችሁ መድኃኒት ትመዝናላችሁ፥ አንዳችሁ የእድር ሒሳብ ትይዛላችሁ። ሥራችሁን ለሰው ከማስረከባችሁ በፊት ጥቂት ቁሙና እንደ ባለቤቱ ሳይሆን እንደ ተጎጂው ሆናችሁ ተመልከቱት። ያገኛችሁትን አርሙ፤ ያልደረሳችሁበትንም ጽፋችሁ በግልጥ ስጡ። በሥራችሁ ላይ ሕይወቱን የሚጥለው ሰው ስማችሁን አያውቀውም፤ እናንተም የእርሱን አታውቁትም።