የእናት ስለትና የልጅ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችን አንብበነዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማንም አለን። ስለ በዛብህ ስንጫወት ግን ሁለት ፍርድ እሰማለሁ። አንዱ «ስለቱን ትቶ ሰብለ ወንጌልን ስለ ወደደ ተቀሠፈ» ይላል፤ ሌላው «ፈሪ ነው፤ ምን ያመነታል?» ይላል። ከመፍረዳችን በፊት ልጁን እንረዳው።

እናቱ ውድነሽ ልጇ እንዲያድግላት ስትል፣ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳለች። ስለቱን የወለደው የእናት ፍቅር ነው። ሆኖም ልጁ ክፉና ደጉን ሳይለይ ዕድሜው በሙሉ ቃል ተገባበት። አድጎ ቅኔ ተምሮ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሲያስተምር ወደዳት። ከዚያ ወዲያ ፍቅር በአንድ ወገን፣ የስለቱ ፍርሃት በሌላ ወገን ይጎትቱት ጀመር።

ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። በልጅነቴ መርሳ ላይ ወባ ጥሎኝ ሳለ፣ እናቴ «ቢተርፍልኝ ለቤትህ አገልጋይ ይሁን» ብላ ተስላለች። ተረፍሁ። መዝሙር ባጠናም ከበሮ ብመታም በልቤ ያለው ግን «ብቀር እሞታለሁ» የሚል ሐሳብ ነበር። ለትምህርት ወልድያ ገብቼ አንድ እሑድ ብቀር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «የመጀመሪያውን መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ንና ምዕራፍ 3ን አንድ ላይ አንብብ» አሉኝ።

ሐና ልጇን ሳትፀንሰው ተሳለች፤ ጡት ካስጣለችውም በኋላ ወደ ሴሎ አመጣችው። የእርስዋ ድርሻ ይኸው ነበር። እግዚአብሔር ግን በእናቱ ስለት ብቻ አልተወውም፤ ልጁን በገዛ ስሙ ጠራው። ሳሙኤል የዔሊ ድምፅ መስሎት ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። የሰውን ድምፅ ከእግዚአብሔር ድምፅ ገና አይለይም ነበርና። በአራተኛው ጊዜ ግን ራሱ መለሰ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ብዙዎቻችን የእናታችንን ነጠላ ይዘን ነው እዚህ የደረስነው። ይህ በረከት ነው። ነገር ግን እናት እስከ ደጀ ሰላም ታደርሰናለች እንጂ በእኛ ፈንታ አትመልስም። በዛብህን ያስጨነቀው የእናቱ ድምፅና የእግዚአብሔር ድምፅ አንድ ሆነው መሰማታቸው ይመስለኛል። ምንኩስናም ጋብቻም ክቡር ነው፤ በፍርሃት የተያዘ ልብ ግን በአንዱም አያርፍም። እንግዲህ ስለት ያለበት ወጣት ፍርሃቱን አይደብቅ፤ ለንስሐ አባቱ ይንገር።

እኔም መርሳ ወርጄ «እማዬ፣ አንቺ ስለትሽን ፈጽመሻል፤ ከእንግዲህ የማገለግለው እኔው ወድጄ ነው» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ስትፈራ ኖረህ ኖሯል? ምነው ሳትነግረኝ!» አለችኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።